ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ምድጃ

የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሲነገር ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ሳይነሣ አይቀርም። ስለ መድፉ ግዙፍነትና ስለ ጎታቾቹ ብዛት ብዙ ተነግሯል። ይህ ምንባብ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ፣ መድፉ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ጭንቀት ይመለከታል። መድፍ ለመሥራት አስቀድሞ መዳብ ያስፈልጋል፤ መዳቡን ለማምጣት ወደብና መንገድ፣ ለማቅለጥም የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡባቸው 13 ዓመታት ከእነዚህ አንዱም እንደ ልባቸው አልሆነላቸውም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱ በችግር አደገ። ገዳም ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፤ ከዚያም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሥራ ለመደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበር ኃይል ያለው ሁሉ አገር ይቈርስ፣ ኃይል የሌለው ደግሞ በየጫካው ይሸፍት ነበር። ካሣም ሸፈተ።

ቋራ የጠረፍ አገር ነው። ወደ ምዕራብ ቆላውን ተሻግሮ የሚገኘው ምድር በዚያ ዘመን በግብጽ ገዢ በሙሐመድ ዓሊ ፓሻ እጅ ነበር። ፓሻው በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ያስወረረው ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ፈልጎ ነው፤ አንደኛው ወርቅ፣ ሁለተኛው ለወታደርነት የሚሆኑ ባሮች። ወርቁን ለማግኘት ሹማምንቱንና የማዕድን ዐዋቂዎችን በጥቁር ዓባይ በኩል ወደ ፋዞግሊ ላከ፤ በስተርጅናውም ራሱ እስከዚያ ድረስ ሄደ። በነጭ ዓባይ በኩል ሽቅብ የላከው የመርከብ ጓድ ደግሞ በ1833 ዓ.ም. ዛሬ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ አጠገብ እስከምትገኘው እስከ ጎንዶኮሮ ደረሰ። ከዚያ በላይ ወንዙ በዓለት መካከል ስለሚያልፍ መርከብ አያሳልፍም። የተመኘውን ያህል ወርቅ በሁለቱም በኩል አላገኘም። ሆኖም ማዕድን ፍለጋ የተዘረጋው ይህ ክንድ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ደርሶ ቆመ፤ ወጣቱ ካሣም በዚሁ ጠረፍ ላይ ከክንዱ ጋር ተጋጠመ።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ሠራዊቱን ይዞ ወደ መተማ ቆላ ወረደ፤ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ምሽግ ይዞ በጠበቀው የግብጽ ጦር ላይም አደጋ ጣለ። የካሣ ሰዎች በቁጥር የበዙ፣ በጀግንነትም የማይታሙ ነበሩ። ነገር ግን ግብጻውያኑ በሥነ ሥርዓት የሠለጠኑ ከመሆናቸውም በላይ መድፍ ነበራቸው። ፈረሰኛው ወደ ምሽጉ በተጠጋ ቁጥር መድፉ ያጭደው ጀመር። ካሣ ብዙ ሰው አስገድሎ ተመለሰ። በሕይወቱ ከደረሱበት ሽንፈቶች ሁሉ ይህን ያህል በልቡ የቀረ የለም ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ መድፍን ከማሰብ አላረፈም።

ከደባርቂ በኋላ ያለውን የድል ዘመን በአጭሩ እንለፈው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ወር ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማረከ፤ በዚያው በደረስጌ ማርያም በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በአጋጣሚ በዚያ በ1847 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለችውን የሩስያ የባሕር ምሽግ በመድፍ ሲደበድቡ ከረሙ። የከተማዋ ስም በደብረ ታቦር አጠገብ በሚፈስ ነሐስ ላይ ይወርዳል ብሎ ያን ጊዜ ማን ይገምት ነበር?

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ጠመንጃ በልዩ ልዩ መንገድ አሰባሰቡ፤ ከድል ነሥተው የወሰዱት፣ ከነጋዴ የተገዛው፣ ከመሳፍንት ግምጃ ቤት የወጣው ተከማቸ። ይህ ግን አላረካቸውም። ምጽዋ በቱርክ እጅ፣ በኋላም ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ በግብጽ እጅ ነበረች። የመተማው መንገድም እንዲሁ በግብጽ ቁጥጥር ሥር ነበር። ስለዚህ ወደ አገር የሚገባ መሣሪያ ሁሉ በጠላት በር የሚያልፍ ነው። በሩ የተዘጋ ዕለት ጥይቱም ያልቃል፤ የተሰበረውን የሚተካም አይገኝም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ከማንም ቀድመው ተረድተው ነበር። መፍትሔ ይሆናል ብለው ያሰቡትም መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን ማስመጣትና በአገር ውስጥ ማሠራት ነበር።

እዚህ ላይ አገሪቱ ምን እንደ ነበራትና ምን እንደ ጎደላት መመልከት ይገባል። ብረት ነበራት። ደገኛው ቀጥቃጭ የብረት አፈሩን ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ውስጥ አድርጎ፣ በቆዳ ወናፍ እያናፋ፣ ማረሻና ጦር የሚሆን ብረት ከጥንት ጀምሮ ያወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሙቀት ነው። የእጅ ወናፍ ያለው ትንሽ ምድጃ እንዲህ ያለ ሙቀት አይሰጥም። ከምድጃው የሚወጣው እንደ ውኃ የሚፈስ ብረት ሳይሆን ቀይ ሆኖ የለሰለሰ ጓል ነው፤ ጓሉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ማጭድ ወይም ጎራዴ ይሆናል እንጂ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ መድፍ አይሆንም። በዚህም ላይ ባለ እጁ በኅብረተሰቡ ዘንድ ቡዳ እየተባለ ይናቅና ይፈራ ስለ ነበር ዕውቀቱ ከቤተሰቡ ወጥቶ የሚስፋፋበት መንገድ አልነበረውም። በጦሩ የሚመካ ሕዝብ ጦሩን የሚሠራለትን ሰው ያገልል ነበር።

መድፍ በቀላሉ ሊወጣ የሚችለው ከነሐስ ነው። ነሐስ ብቻውን ከምድር አይቈፈርም፤ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኝ ነው። ቆርቆሮ ስንል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ነጭና ለስላሳ የሆነውን ማዕድን ማለታችን ነው። ለመድፍ የሚሆነው ነሐስ ብዙ ጊዜ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ መዳብ፣ አንዱ ቆርቆሮ ነው። ይህ ድብልቅ ወደ 1,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ስለሚቀልጥ በደንብ የተሠራ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ችግሩ መዳቡ ነው። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ በስፋት የሚቈፈር የመዳብ ማዕድን አልነበረም። በቢሻ፣ በምዕራብ ኤርትራ፣ ብዙ መዳብ በምድር ውስጥ መኖሩ ታውቆ መውጣት የጀመረው ከመቅደላ ጦርነት ከአንድ ምዕተ ዓመት በጣም በኋላ፣ በ2000ዎቹ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ መዳብና ናስ ወደ አገር የሚገባው በዕቃ መልክ፣ በነጋዴ ጭነት፣ በአብዛኛው በዚያችው በምጽዋ በኩል ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ለሥራው ያገኟቸው ሰዎችም መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሃይማኖት ትምህርት ቤት የመጡ፣ ከወንጌል ጋር የእጅ ሥራ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪስ ሆልም ተጨመሩ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋት ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። ቤት ተሠራላቸው፣ ከብትና ገንዘብ ተሰጣቸው፣ በክብር ተያዙ።

መጀመሪያ መንገድ አሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ፣ ጠመንጃ አደሱ። ከዚያ በኋላ መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሙያው እንደሌላቸው ገልጸው እንዲተዋቸው ለመኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልሰሟቸውም፤ እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ባለ እጆቹ ከፍርሃት የተነሣ ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። ንጉሡ አልተቈጡም፤ እንደገና እንዲሞከር አዘዙ።

ይህ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለመረዳት የማቅለጥን ጥበብ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የምድጃው ጭቃ እሳት የሚችል ካልሆነ ከነሐሱ ጋር አብሮ ይቀልጣል። ነሐሱ የሚፈስበት ቅርጽ ፈጽሞ ካልደረቀ፣ በውስጡ የቀረው ርጥበት በድንገት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ነሐስ በሠራተኛው ላይ ይረጨዋል። መድፉ ትልቅ ሲሆን ደግሞ አንድ ምድጃ አይበቃም፤ ከብዙ ምድጃ የወጣው ነሐስ ሳይቋረጥ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። በመካከል ከተቋረጠ በአካሉ ውስጥ የማይታይ ስንጥቅ ይቀራል፤ በተተኰሰ ዕለትም በዚያ ይፈነዳል። የጋፋት ሰዎች ይህን ሁሉ የተማሩት ከመምህር ሳይሆን ከስሕተታቸው ነው። በጎናቸውም በርካታ ኢትዮጵያውያን ወናፍ እየነፉ፣ ከሰል እያከሰሉ፣ ጭቃ እየረገጡ ሠርተዋል፤ የእነዚህ ስም አልተጻፈም። በመጨረሻ ነሐሱ እንደ ተፈለገው ፈሰሰ፣ መድፍም ተሠራ። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደዚያ ቀን የተደሰቱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወደ ጋፋት እየተመላለሱ ሥራውን ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ በተሠራ ቁጥርም ከበፊቱ የሚበልጥ ያዝዙ ነበር።

የሁሉም ታላቅ ሴባስቶፖል ሆነ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በዘጠኝና በአንድ ብናሰላው ከ60 ኩንታል በላይ መዳብና 7 ኩንታል ያህል ቆርቆሮ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ብንል ለአንድ መድፍ ብቻ 70 በቅሎ ሙሉ ነሐስ! ማዕድን በሌለበት፣ ወደቡ በሌላ እጅ ባለበት አገር ይህን ያህል ማከማቸት ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢው ይገምት። ባሩዱ ከዚህ የተሻለ ነበር። ከሰል በየትም ይገኛል፤ ድኝ ከደንከል በረሃ ይወጣ ነበር፤ ባሩድ ማዘጋጀትንም የአገሩ ሰው ከጥንት ያውቅበት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጋፋት ብቻዋን እንደማትበቃ ያውቁ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤውን የተቀበለውም ቆንሲሉ ካሜሮን ነው። ወዳጅነት እንደሚሹ፣ መልእክተኞች ሊልኩ እንዳሰቡና ቱርኮች መንገዱን እንደ ዘጉባቸው ገለጹ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተረስቶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ካሜሮን ግን በግብጽ ወደተያዘው ሱዳን ሄዶ ተመለሰ። ወዳጅ ይሆነኛል ያሉት ሰው ከጠላታቸው ቤት ውሎ ባዶ እጁን መምጣቱ ዐፄ ቴዎድሮስን አስቈጣ። በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ።

እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ። በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ለመልቀቅ ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባቸው። እንግሊዝ ባለ ሙያዎችንና የፋብሪካ መሣሪያ እስክትልክ ድረስ እንግዶቹን በመያዣነት አስቀሩ፤ ማርቲን ፍላድ የተባለውንም ሚስቱንና ልጆቹን አስቀርተው ወደ ለንደን ላኩት። ፍላድ ንግሥቲቱን አገኘ። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለ ሙያዎችን ቀጥሮ ከነመሣሪያቸው በመርከብ ላከ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት የሠሪ እጅና የሥራ መሣሪያ ከምጽዋ ወደብ ደርሶ ቆመ።

ከዚያ አላለፈም። እንግሊዞቹ እስረኞቹ ካልተለቀቁ መሣሪያው አይሄድም አሉ፤ ንጉሡም መሣሪያው ካልመጣ እስረኞቹ አይለቀቁም አሉ። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ባለ ሙያዎቹ መሣሪያቸውን ጭነው ተመለሱ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የፈለጉት ነገር ትክክል ነበር፤ የያዙት መንገድ ግን የፈለጉትን ነገር ራሱን ከደጃፋቸው አስመለሰባቸው። ለንደን ላለች መልስ ያጣች ደብዳቤ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ከምጽዋ ለተመለሰው ጭነት ግን ጥፋቱ የሁለቱም ወገን ነው።

በዚያው ጊዜ አገሩ ከእጃቸው እያመለጠ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ዋግሹም ጎበዜ ላስታን፣ ካሣ ምርጫ ትግሬን ይዘዋል። ንጉሡም ጭካኔ አበዙ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘበዙ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱንና የከበሩ ዕቃዎቹን አጋዙ። ያን ቀን የደረሰውን ጥፋት የጋፋት ሥራ ሊያካክሰው አይችልም።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በጋሪ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ ዓለቱን እየፈለጡ፣ ገደሉን እየደለደሉ መጥረግ ነበረባቸው። በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ ሴባስቶፖልን ሽቅብ ሲያወጡት፣ ቁልቁል ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ እየሳቡ ያወርዱት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙና ያነሡ ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው ከስድስት ወር በኋላ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ፈረሰኛ በጥቂት ቀን የሚያልፈው መንገድ ነው።

በሌላ በኩል የእንግሊዙ ጀኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በዙላ ባሕር ዳር ወረደ። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በደንብ የሚታየው ከጦር ሜዳው ይልቅ በዚህ ባሕር ዳር ነው። እንግሊዞቹ ከህንድ የባቡር ሐዲድ አምጥተው ዘረጉ፣ ባቡር አስኬዱበት። የባሕሩን ውኃ በማሽን አጣርተው ለሠራዊቱ አጠጡ። መድፎቻቸውን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች አመጡ። ካሣ ምርጫም መንገድ ለቀቁላቸው፣ ስንቅ እንዲሸጥላቸው አደረጉ። ናፒየር ወደ መቅደላ ሲቃረብ ደግሞ ከወድላ ወደ ጅጣ ሸለቆ የሚያወርድ ጥሩ መንገድ ተጠርጎ አገኘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፎቻቸው ያስጠረጉት መንገድ ነበር። መሐንዲሶቹ ሥራውን አይተው አደነቁ፤ ዝሆኖቹም በዚያ ወረዱ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት የንጉሡ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ወደ እሮጌ ሜዳ ተወረወረ። መድፎቹ ከፋላ ተራራ ላይ ተኰሱ። ከታላላቆቹ አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ የቀሩትም ጥይታቸው ከጠላት ራስ በላይ እያለፈ ወደቀ። እንግሊዞቹ የያዙት በኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነበር። ጦርነቱ ሳይመሽ አለቀ፤ ገብርዬና 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሁለት ቀን በኋላ እስረኞቹን ለቀቁ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ንጉሠ ነገሥቱ ንግሥት ቪክቶርያ ቀድሞ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ናፒየር ከመመለሱ በፊት አምባውን አቃጠለ፣ መድፎቹንም አሰበረ። ዘውዱ፣ መጻሕፍቱና የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ወደ ባሕር ማዶ ተጋዘ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው መድፍ የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ለመሸከም ስለ ከበደ በመቅደላ ቀረ፤ በጋፋት የቀለጠው ነሐስም እስካሁን በዚያው አምባ አጠገብ ዝናምና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ይገኛል።